እትዬ ሸራ ልጇን ያበረረችበት ቀን

የድንኳን ፋብሪካው ሲዘጋ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ወፍራም ሸራ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። በመጨረሻው ቀን መቀሷንና ጓንቷን በፌስታል ይዛ ቤቷ ገባች። በሳምንቱ የቤቱን መጋረጃ ሁሉ አውርዳ እንደ አዲስ ሰፋችው። መጋረጃው ሲያልቅ ትራስ፣ ትራሱ ሲያልቅ የባሏን ኪሶች መስፋት ያዘች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲበዛ ተጫዋች ሰው።

«ኧረ ሴትዮ፣ ነገ እኔንም ከሶፋው ጋር አጣብቀሽ ትሰፊኛለሽ! የሆነ ነገር ፈልጊ» አላት።

ፈልጋ አይደለም ያገኘችው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኪነ ጥበባት ኮሌጅ ትወና የምታጠና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ። አንድ ጠዋት ልጅቷ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ ረስታ ሄደች። እናትየው ላድርስላት ብላ ኮሌጁ ድረስ ሄደች፣ በር ተሳሳተችና በቲያትር አዳራሹ የኋላ በር ገባች። እዚያ ስምንት ወጣቶች አንድ ትልቅ የእንጨት ክፈፍ ላይ ሸራ ለመወጠር ይታገላሉ። አንዱን ጥግ ሲስቡ ሌላው ይጨማደዳል፤ ያንን ሲያቃኑ ይኼኛው ይላላል። መድረክ ላይ ግድግዳ ሆኖ የሚቆመው ነገር እንዲህ እንደሚሠራ ያን ቀን ነው ያወቀችው። ዝም ብላ ልታልፍ ሞከረች፤ አላስቻላትም።

«ከመሀል ነው እንጂ የሚጀመረው!» አለች። «ከጥግ ከጀመራችሁ እስከ ነገም አትጨርሱት።»

ደብተሩን ብብቷ ሥር ወሽቃ መዶሻውን ተቀበለቻቸው። ከመሀል ወደ ዳር፣ ከመሀል ወደ ዳር እያለች ስትጨርስ ሸራው ከበሮ ሆኖ ተወጠረ። ጥግ ቆመው ሲያዩዋት የነበሩ አንድ ሽበታም ሰውዬ ቀረብ ብለው በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ የሠሩ፣ ተማሪዎቹ ጋሼ የሚሏቸው መምህር ናቸው።

«የት ተማርሽ?» አሏት።

«ድንኳን ላይ።»

«እዚህስ ብትማሪ?»

እሷ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። የሁለት ዓመት ሥልጠና ነው፤ የመድረክ ግንባታና ቴክኖሎጂ ይባላል፤ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል አሏት። ዓርብ ጠዋት ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ቆማ ነበር።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ስትናገር የልጅቷ ማንኪያ አፏ አጠገብ ደርሶ ቀረ።

«እኛ ግቢ?»

«እናንተ ግቢ።»

«እማ! ሰው ምን ይለኛል? እናቷን አስከትላ ትምህርት ቤት ትመጣለች ሊሉኝ እኮ ነው!»

«አንቺ መቼ አስከተልሽኝ? እኔ ነኝ ተከትዬሽ የመጣሁት።»

«እሱ ነው የባሰው!»

«እኔም ልመዝገብና ቤቱን ቆልፈን አብረን እንሂዳ» አለ አባትየው አፉን እንደሞላ። ሁለቱም ገላመጡት።

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ተስማሙ። ቤት ውስጥ እናትና ልጅ፣ ግቢ ውስጥ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች። እናትየው ትንሽ ከፋት። ነገር ግን በሃያ ዓመት ዕድሜ ሰውን ምን እንደሚያሳፍረው ጨርሳ አልረሳችውም ነበርና እሺ አለች።

መጀመሪያ በኮሪደሩ ላይ ሲገናኙ ልጅቷ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ነበረች። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት?» አለቻት። በሕይወቷ እናቷን አንቱ ብላ አታውቅም።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ» አለች እናት።

ማታ ቤት ሲገቡ ልጅቷ ቱግ አለች። «የኔ ልጅ አትበይኝ አላልኩሽም?»

«እኔ እኮ ሁሉንም ነው የኔ ልጅ የምለው። የጥበቃውንም እንዲሁ ነው ያልኩት፣ የሽንት ቤት ቁልፍ የሚሰጠኝንም። ከነሱ መሀል የትኛዋ የወለድኳት እንደሆነች ማን ያውቃል?»



ትምህርቱ እንዳሰበችው አልቀለለም። ሸራ ታውቃለች፤ ገመድ ታውቃለች፤ ሥዕል ማንበብ ግን አታውቅም። አንድ ለሃያ አምስት የሚባለው ነገር ሦስት ሳምንት አሰቃያት። በወረቀት ላይ አራት ሴንቲሜትር የሆነው በር መድረክ ላይ አንድ ሜትር እንደሚሆን ይነግሯታል፤ ገባኝ ትላለች፤ እቤት ስትደርስ ይጠፋታል። በመጨረሻ ወረቀቱን ወዲያ ብላ ከቁርጥራጭ ሸራ ትንንሽ ግድግዳ፣ ትንንሽ በር፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ወንበር ሰፋች። ሁሉንም የጫማ ካርቶን ውስጥ ስታቆመው አንድ ለሃያ አምስት እጇ ላይ መጣ። ካርቶኑን ያዩት ጋሼ ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው በበሩ አጮለቁ። «ደግሞ በሩ ይከፈታል» አሉ።

የመጀመሪያውን ትልቅ ግድግዳዋን የሠራችው ግን በድንኳን ወግ ነበር፤ ድርብ ስፌት፣ ዳርና ዳሩ ገመድ የገባበት፣ ሰም የተቀባ። ለማንሳት አራት ሰው ፈጀ። ከአራቱ አንዱ ከክፍሉ ሁሉ ረጅሙ ነበር፤ ቁመቱን አይተው መሰላል ነው የሚሉት። መሰላል ከግድግዳው ሥር ሲወጣ ላቡን እየጠረገ፣ «እትዬ፣ በዚህ ውስጥ ሰው ይከራያል እንዴ?» አላት።

ጋሼ ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ግሩም ነው። አንዲት ጠብታ ዝናብ አያስገባም። ግን ልጄ፣ መድረክ ላይ ዝናብ አይዘንብም። ትዕይንት ሲቀየር ደግሞ በስምንት ሰከንድ ከመድረክ መውጣት አለበት፤ እስቲ አውጪልኝ።»

በስምንት ሰከንድ ግማሽ እርምጃ አልተንቀሳቀሰም።

«ተመልካቹ አሥር ሜትር ርቆ ነው የሚቀመጠው» አሏት። «አሥሩ ሜትር ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል። አንቺ ሌላውን ግማሽ ብቻ ሥሪ።»

ይህ አነጋገር ውስጧ ገባ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ሁሉ ለነፋስና ለዝናብ ነበር። አሁን ለዓይን ብቻ መሥራት ተማረች። ቀጭን ጣውላ በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ማያያዝ፣ ጀርባውን ጥሬውን መተው፣ ፊቱን በስፖንጅ ነካ ነካ አድርጎ ከሸራ ድንጋይ ማውጣት። መጀመሪያ የቀባችው የድንጋይ ግንብ ላይ መሰላል ሊደገፍ ብሎ ከነግንቡ ሲወድቅ በሳቅ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። መብራት የተማሩ ቀን ደግሞ ጋሼ ነጩን ሸራ አቁመው አንድ ፓውዛ ላይ ብርቱካናማ ወረቀት አደረጉና ቀስ ብለው አበሩት። ሸራው ላይ ነጋ። እንባዋ መጣ። «ምን ሆንሽ?» ሲሏት፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ሸራው ውስጥ ይህ እንዳለ ማን ነገረኝ?» አለች።

እትዬ ሸራ የሚለውን ስም ያወጣላት መሰላል ነው። ግቢው ሁሉ በዚያው ጠራት። ልጇም ሳትቀር፣ በኮሪደር ስታልፍ፣ «ደህና አደሩ እትዬ ሸራ?» ትላታለች፤ ማታ ደግሞ እግሯን እናቷ ጭን ላይ ዘርግታ ጥፍሯን ትቆርጣለች።

እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። የልጅቷ ክፍል መመረቂያ ቲያትሩን የሚያሳይበት ጊዜ ደረሰ፤ የመድረኩን ሥራ የሚሠራው የእናትየው ክፍል ነው። ቲያትሩን ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። አንዲት ልብስ አጣቢ ሰገነት ላይ አንሶላ ስታሰጣ ንፋስ ከነአንሶላዋ ይወስዳታል፤ ከተማውን ከላይ እያየች የጎረቤቶቿን ጉድ ሁሉ ታወራለች። ንፋስ የሚወስዳት አጣቢ ደግሞ፣ ዕጣ ነው መቼም፣ ልጅቷ ሆነች። አምስት ሜትር ከፍታ ላይ በገመድ ተንጠልጥላ መናገር አለባት።

እናትየው ቤት ውስጥ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ልጅቷ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። በረንዳ ላይ ቆማ እንኳ ወደ ታች የማታይ ልጅ ናት።

ጋሼ ገመዱን የሚይዝ ሰው ለመምረጥ ተማሪዎቹን ሁሉ ፈተኑ። ገመዱ ጣሪያው ላይ በተሰቀሉ መዘውሮች ያልፋል፤ በወዲያኛው ጫፍ የተዋናይዋን ክብደት የሚያመጣጥን ብረት አለ። «ስለዚህ የምትይዙት ክብደቱን አይደለም» አሉ ጋሼ፣ «ፍጥነቱን ነው።» በልጅቷ ፋንታ የአሸዋ ከረጢት አሰሩ፤ ከረጢቱ ላይ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ አፉ ድረስ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጡ። ውኃው ሳይፈስ ወጥቶ መውረድ አለበት።

መሰላል ብርጭቆውን ሰበረ። ሌላው ግማሹን ውኃ በጋሼ ራስ ላይ አፈሰሰው። እትዬ ሸራ ጓንቷን አጥልቃ ገመዱን ያዘች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከባድ ሸራ በመርፌ ሥር ሳይሸበሸብ እንዲያልፍ ሃያ ሁለት ዓመት እጇ የለመደው ነገር ነው፤ መግፋትም መያዝም፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። ከረጢቱ ወጣ፤ ወረደ። ጋሼ ብርጭቆውን አንስተው ውኃውን ጠጡት። «አለቀ» አሉ።

ልጅቷ ገመድ ያዧ ማን እንደሆነች የሰማችው መድረክ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ነው። «እርስዎ ነዎት?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እኔ ነኝ የኔ ልጅ።»

የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ልጅቷ ወገቧና ጭኖቿ ላይ ቀበቶውን ታጠቀች። እትዬ ሸራ ገመዱን፣ መሰላል መጠባበቂያውን ገመድ ያዙ። አንድ ሜትር ወጣች፤ ደህና። ሁለት ሜትር ወጣች፤ ደህና። ሦስት ሜትር ላይ ወደ ታች አየች።

«እማዬ!»

እዚህ ላይ ምስጢሩ ገና አልወጣም። የደነገጠ ሰው ሁሉ እማዬ ይላል። እናትየውም ከንፈሯን ነክሳ ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ነገሩን ያፈረጠችው ልጅቷ ራሷ ናት።

«ቀበቶው ጎኔን እየቆረጠኝ ነው! ትናንት እራት ላይ ነግሬሽ የለም እንዴ? ስፖንጅ አደርግበታለሁ አላልሽኝም?»

ሁሉም ዞሮ እናትየውን አየ። እትዬ ሸራን አንቺ የሚላት ተማሪ የለም።

«እራት ላይ?» አለ መሰላል።

እናትየውም ከዚህ በላይ አልቻለችም። «አድርጌበታለሁ! ገልብጠሽ ታጥቀሽው ነው! ሹራብሽንም እንዲሁ ነው የምትለብሺው፣ ሃያ ጊዜ ነግሬሻለሁ!»

መጀመሪያ የሳቀው መሰላል ነው፤ ከዚያ ያልሳቀ አልነበረም። ልጅቷ ሦስት ሜትር ላይ ተንጠልጥላ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰች መስሏቸው ነበር፤ ዝቅ ሲያደርጓት እሷም እየሳቀች ኖሯል። ጓደኞቿ ከበቧት። «አንቺ ጉደኛ! እትዬ ሸራን የመሰለች እናት ይዘሽ ነው የምትደብቂን? እኛ ብንሆን ደረታችን ላይ ጽፈን ነበር የምንዞረው!»

ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሏት እናትየውን።

«አልጠየቁኝም ጋሼ።»

«እኔ ዘመድ የዘመዱን ገመድ እንዲይዝ አልፈቅድም። እናት ልጇ ስትደነግጥ ልቧ ይደነግጣል፣ እጇም ልቧን ይከተላል። መሰላል ይለማመድ።»

መሰላል የሰበረው ብርጭቆ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እናትየው ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች። እውነት ነው፤ ሰውየው ልክ ናቸው ብላ ነው ያሰበችው። ያን ጊዜ ልጅቷ መሀላቸው ገባች።

«ከእሷ ሌላ ሰው ከያዘው እኔ አልነሳም።»

«ምክንያትሽ?»

«አሁን ስጮህ ገመዱ ተንቀጠቀጠ?»

ጋሼ አሰቡ። አልተንቀጠቀጠም ነበር። እየተጨቃጨቀች እንኳ ልጇን ወለሉ ላይ ያሳረፈቻት ላባ እንደሚወድቅ አድርጋ ነው። ጋሼ ሄደው ብርጭቆ አመጡ፤ አፉ ድረስ ሞልተው ለልጅቷ ሰጧት። «ይዘሽው ውጪ» አሉ። «አንዲት ጠብታ ከፈሰሰ መሰላል ይይዛል።»

ልጅቷ ቀበቶዋን አቃንታ ታጠቀች። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። አንድ ሜትር፤ ሁለት፤ ሦስት። ወደ ታች ልታይ ስትል፣ «ውኃውን እዪ፣ ውኃውን ብቻ» አለቻት እናቷ በቀስታ። አራት። አምስት። ከዚያ ልጅቷ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሯ አስጠግታ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው፤ ባዶውንም ገልብጣ አሳየቻቸው።

«ይመስገን፣ ጠምቶኝ ነበር!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ጋሼም በመጨረሻ ሳቁ።

ዝግጅቱ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። አባትየው ለአውቶቡሱ ተተኪ ሹፌር አስገብቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተሰይሟል። እናትየው ጥቁር ልብስ ለብሳ ከመጋረጃው ጎን ቆማለች። መድረኩ ላይ የቆሙት ጣሪያዎች፣ ጭስ ማውጫዎችና ጠባብ መስኮቶች ሁሉ ጥሬ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተዋል። አሥራ አራቱን አንሶላዎች የሰፋችው እሷ ናት፤ ንፋስ እንዲይዛቸው ቀጭን፣ ቀጥ ብለው እንዲወርዱ ደግሞ ጠርዛቸው ላይ ትንንሽ የእርሳስ ብረት የተሰፋባቸው።

ሁለቱ ትልልቅ ቬንትሌተሮች ሲከፈቱ አንሶላዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሱ። እትዬ ሸራ ገመዱን ሳበች። የልጅቷ እግር ከሰገነቱ ለቀቀ። «ውይ!» አሉ ተመልካቾቹ። ከጣሪያዎቹ በላይ ወጥታ የጎረቤቶቿን ጉድ መዘርዘር ጀመረች፤ ሰው በሳቅ ፈነዳ።

አራተኛው ሜትር ላይ የአንዱ አንሶላ አንድ ጫፍ ከማስጫው ገመድ አመለጠና ሄዶ የልጅቷ እግር ላይ ተጠመጠመ። ከፍ ልትል አልቻለችም፤ ገመዱ ከበደ። መሰላል በምልክት፣ «እናውርዳት?» አለ። እትዬ ሸራ አይሆንም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ጨርቁ የቱ ጋ እንደያዘ በእጇ ተሰማት። አንድ ስንዝር ያህል ለቀቀች፤ ወዲያው መልሳ ሳበች። አንሶላው ከልጅቷ እግርም ከማስጫውም ተፈታና በንፋሱ እየተገለባበጠ ከመድረኩ አልፎ ሄደ፤ ሄዶ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ደህና አድርጎ የአባትየው ራስ ላይ አረፈ።

ልጅቷ ከላይ አየችው። ጽሑፉ ውስጥ ይህ ነገር የለም።

«ኧረ አንተ ሰውዬ!» አለች። «አንሶላው እርጥብ ነው፤ እንዳታቆሽሽብኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባትየው ከአንሶላው ሥር ብቅ አለ፣ ብድግ ብሎ ቆመ። ቤት ውስጥ አንሶላ የሚያጥፈው እሱ ነውና፣ ጥግና ጥጉን ገጥሞ፣ ለሁለት፣ ለአራት አጥፎ፣ በእጁ ዳሰስ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እንደ ተዋናይ እጅ ነሳና ተቀመጠ። ጭብጨባው ለደቂቃ አላቆመም። እትዬ ሸራ ሳቋ እየተናነቃት፣ እጇ ግን ጸንቶ፣ ልጇን አምስተኛው ሜትር ላይ አደረሰቻት። ልጅቷም እዚያ ሆና እጆቿን ዘርግታ ወደ ታች አየች፤ ከልቧ፣ ፍርሃት በሌለው ዓይን።

በማግስቱ ጠዋት መድረኩ ሊፈታ ተሰበሰቡ። ተዋናዮች ለማፍረስ አይመጡም፤ ልምዱ እንዲያ ነው። ልጅቷ ግን ያባቷን አሮጌ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ብሎን ፍቺ ሲሏት ታጠብቃለች፤ ጣውላ ያዢ ሲሏት ሰው ትመታለች። እናቷ ከእንጨቱ መሰላል ላይ ሆና፣ «በግራ እንጂ በግራ! ግራሽ የቱ ነው?» ትጮኻለች፤ ልጅቷም፣ «እሺ አለቃዬ» እያለች ታሽሟጥጣለች። አንድ ሳምንት የቆመው ከተማ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጣውላና ጥቅል ሸራ ሆኖ ግድግዳ ጥግ ተደረደረ።

ሲጨርሱ ጋሼ ትልቁን የዕቃ ማስገቢያ በር ከፈቱት። ፀሐይ ባዶው መድረክ ላይ ተዘረጋች፤ አቧራው ውስጥ ሁሉም ያስነጥሳል። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዳቦና ሻይ ተካፈሉ። ልጅቷ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጋሼ፣» አለች እትዬ ሸራ ዳቦዋን እያኘከች፣ «በሚመጣው ወር የምንማረው ምንድን ነው?»

«የሚሽከረከር መድረክ። ወለሉ ራሱ ይዞራል፤ ቤቱም፣ ተዋናዩም፣ ሁሉም ላዩ ላይ።»

«ስንት ሰው ይሸከማል?»

«እማ፣ ዛሬ እኮ እረፍት ነው» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትከፍት።

የተደገፈችበት ትከሻ ግን ከሥሯ ሸሸ። እናቷ ሻይዋን አስቀምጣ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ጣውላውን በጣቷ አንኳኩታ ጆሮዋን ወለሉ ላይ ለጥፋ ነበር።

«ከሥሩ ባዶ ነው?» አለች። «መሰላል፣ እስቲ ና፣ እዚህ ጋ ዝለልልኝ!»